ኦስሞ የማያያቸው ፊልሞች

የኛ መንደር ሰው ወሬ አይወድም ይላሉ። ውሸት ነው። ወሬማ ይወዳል፤ መናገር ነው የማይወደው። የመንደሩን ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠብቅ ይህን በደንብ አይቻለሁ። አንዱ ዱቄት ልግዛ ብሎ ይገባል፣ ምድጃው አጠገብ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል። ያኛውም እሱን ይጠብቃል። በመጨረሻ የምናገረው እኔ ነኝ። ከዚያ «ኬርቱ አፏ አያርፍም» ይሉኛል። አዎ፣ አያርፍም። እኔም ዝም ብል ኖሮ ይሄ መንደር ቋንቋውን ይረሳ ነበር።

ከሁሉም የባሰው ጎረቤቴ ኦስሞ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኦስሞ አፍ ውስጥ እንኳን ዝንብ ማንኪያም የሚገባ አይመስልም። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሥራው የእንጨት ዓሣ መሥራት ነው፤ መንጠቆ ተንጠልጥሎበት በጀልባ ሲጎተት፣ ትልቁ ዓሣ እውነት መስሎት የሚነክሰውን ዓይነት። በኛ ሐይቅ ዳር ይህን የማይሞክር ሽማግሌ የለም። እንደ ኦስሞ የሚሠራ ግን አንድም የለም። ባሌ ኡርፖ አንዴ በራሱ ቢላ ጠርቦ ውሃ ውስጥ ቢጥለው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ስስቅበት «ምን ያስቅሻል? የሞተ ዓሣ ልሥራ ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

ኦስሞ እንደሚለው፣ ማለቴ በዓመት አንዴ ሲናገር እንደሚለው፣ መጥረቡ ቀላል ነው። ዓሣው ከጥድ ቅርፊት ይቀረጻል፣ ሆዱ ተሰንጥቆ ሽቦና እርሳስ ይገባበታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ የቸኮሌት ብርማ ወረቀት ይለብሳል፣ ጀርባው ቀለም ይቀባል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ውሃ እንዳይገባበት መድፈኑ። ሽቦው በሚወጣበት በኩል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ከቀረች ውሃ ይሰርጋል፣ ቅርፊቱ ያብጣል፣ በሦስተኛው ቀን ዓሣው እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ይሄዳል።

የሱቅ ቫርኒሽ ደግሞ በኛ ብርድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኦስሞ የራሱን ያዘጋጃል። አሮጌ የፎቶ ኔጋቲቭ ይሰበስብና ላዩ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር በሙቅ ውሃና በሶዳ ያላቅቃል። የሚቀረውን ጥርት ያለ ላስቲክ ሽታው ራስ በሚፈልጥ አሟሚ ውስጥ ይከተዋል። ውሎ ሲያድር እንደ ማር ይሆናል። ዓሣውን በጅራቱ ይዞ እዚያ ውስጥ ይነክረዋል፣ ሽቦ ላይ ይሰቅለዋል፣ በማግስቱ ዘቅዝቆ እንደገና ይነክረዋል። ስምንት ጊዜ፣ በስምንት ቀን። የደረቀ መሆኑን የሚለየው በከንፈሩ ነው። ያ አሟሚ በአርባ ዓመት ውስጥ የጣቶቹን ጫፍ ገድሎበታል፤ መርፌ ብትወጋው አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓሣ ወደ አፉ ያመጣና ታችኛው ከንፈሩን ያስነካዋል። ያዝ ካደረገው ገና ነው። ካልያዘው አልቋል። ሚስቱ አይሊ «እኔን ከሳመበት እነሱን የሳመበት ይበልጣል» እያለች ታስቀን ነበር።

ለዚህ ሁሉ ቫርኒሽ ብዙ ፊልም ያስፈልጋል። የሥራ ቤቱ በረንዳ ላይ ክዳን ያለው ሳጥን አለ፤ ሰው ቤቱን ሲያጸዳ ያገኘውን ኔጋቲቭ እዚያ ከቶ ይሄዳል። የማን እንደሆነ አይጻፍበትም፣ ኦስሞም አይጠይቅም። አያይምም። ድሮ ያይ ነበር አሉ። አንድ ቀን አንዱን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቶ ቢያይ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት በማይሆን ጀልባ ላይ ከማይሆን ሰው ጋር ተቀምጣለች። ኦስሞ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ግን ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ባየ ቁጥር ጆሮው ይቀላ ጀመር። ሰውዬው ደግሞ ሞኝ አልነበረም፤ ጆሮውን አይቶ ሁሉን ተረዳ። ትዳሩ በዚያው ፈረሰ። ኦስሞም «ነገር በዓይን ይገባል፤ ካላየሁ አላውቅም» አለና ያን ቀን ማየት አቆመ። ፊልም ሲያጥብ ባልዲውን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ዓይኑን ሐይቁ ላይ ይተክላል። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ምስጢሩን ሁሉ አምጥቶ ይከትለታል።

አይሊ የሞተችው በጥር ነው። ጠዋት እሳት ላንድድ ብላ ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች ቀረች። የሬሳ ሣጥኑ ሊዘጋ ሲል ኦስሞ ከኮቱ ኪስ አንድ ፎቶ አወጣ። ገና ከሩቅ አወቅሁት፤ ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሎ የኖረው የሱቪ ፎቶ ነው።

ሱቪ ልጃቸው ናት። አንድ እሷ ብቻ ነበረቻቸው። በአምስት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት፣ በሦስተኛው ቀን አበቃ። ከሞተች ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቷ። እነሱ ካሜራ አልነበራቸውም። ልጅቷ ከመሞቷ በፊት በነበረው በጋ የአይሊ ያጎት ልጅ ሊጠይቃቸው መጥቶ አንድ ፊልም አነሣ፤ ከዚያ ውስጥ አንዷን ብቻ አሳጥበው ሰቀሉ። ጀልባ ማሰሪያው ላይ ቆማ በሁለት እጇ ዓሣ ታቅፋለች፣ ፀሐዩ ስላስቸገራት አንድ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ኦስሞ፣ ያለችህ እሷ ብቻ አይደለችም እንዴ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሌላ አለ» አለኝና ፎቶውን በአይሊ እጅ ሥር አስገባው።

ሁለት ቃል ነው ያለኝ። እኔም ሌላ ያሳጠቡት ፎቶ አላቸው ማለት ነው ብዬ ተውኩት። «ፊልሙ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አልለፈልፍም ነበር። ግን የኛ ሰው ሁለት ቃል ከበቃ ሦስተኛውን አያወጣም።

በዚያን ቀን አላለቀስኩም። የሰው ላም ሲሸጥ የማለቅስ ሴት፣ የአርባ ዓመት ጓደኛዬን ስቀብር ዓይኔ ደረቀ። ነገ ይመጣል አልኩ። ነገም አልመጣም። ውስጤ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ሲያናግረኝ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። ኦስሞም ያው ነው። ከቀብር በተመለሰ በማግስቱ ሥራ ቤቱ ገብቶ ቅርፊት ይቀርጽ ጀመር።

በመጋቢት አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አየኝና «ልብሷን…» አለ። የቀረውን እኔ ጨረስኩለት። ሄጄ ቁም ሣጥኗን አጸዳሁ፤ ቀሚሱን ለቤተ ክርስቲያን፣ ሹራቡን ለሚለብሰው ሰው ለየሁ። ከአንሶላዎቹ ኋላ አንድ ቀይ የቡና ቆርቆሮ አገኘሁ። ስከፍተው በወረቀት የተጠቀለሉ ኔጋቲቮች ናቸው። አይሊ ለባሏ ሥራ ከዘመድ ከእንግዳው ፊልም ስትለቅም ነው የኖረችው፤ ይህንንም ሰብስባ ሳትሰጠው የቀረች መሰለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ስስታም ዓይኔ ያየው ፊልሙን ሳይሆን ቆርቆሮውን ነው። ክዳኑ ጥብቅ የሚል፣ ዝገት ያልነካው ቆንጆ ቆርቆሮ። ፊልሙን በረንዳው ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ ገለበጥኩት፣ ቆርቆሮውን ለልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ይሆነኛል ብዬ ይዤ ሄድኩ። እጄን ይቁረጠው።

በሳምንቱ ጥቁር ዳቦ ጋግሬ ብወስድለት ባልዲው ጉልበቱ መሃል ነው፣ ፊልም ያጥባል። ዓይኑ መስኮቱ ላይ፣ መስኮቱ ደግሞ በረዶ የሞላው ሐይቅ ላይ። እጁ ብቻ ውሃው ውስጥ ይሄዳል ይመጣል፤ ጥቁሩ እየተላቀቀ እንደ ጥቀርሻ ውሃውን ያጠቁረዋል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የኡርፖን ጥርስ ሕመም፣ የአዲሱን ቄስ ስብከት ርዝመት አወራለታለሁ።

«ባለፈው እሑድ ኡርፖ ሁለት ጊዜ ተኝቶ ሁለት ጊዜ ነቃ፣ ሰውዬው ገና ኖኅን መርከብ ላይ አላሳፈረውም።»

«እህ» አለ ኦስሞ።

«ምን እህ ትላለህ? ሳቅ እንጂ።»

«በኋላ» አለኝ። ባልዲውን አንሥቶ ወጣ፣ ባዶውን ይዞ ተመለሰ። ጥርት ያሉትን ላስቲኮች በጨርቅ አደራረቀና አሟሚው ውስጥ ከተታቸው። እኔም ዳቦውን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ቫርኒሽ አሥራ አንድ ዓሣ ወጣ። ኡርፖ ወዲያው ሁለቱን ገዛ። አንዷ ገና የወንዙ በረዶ እንደቀለጠ ድንጋይ ሥር ገብታ ቀረች፤ ኡርፖ ዓሣ ከሚያጠምድ ድንጋይ ያጠመደው ይበልጣል። ዘጠኙ አልተሸጡም፤ ኦስሞ በዚያ ወር ሥራው ስለዘገየበት ገና አምስተኛው ንክር ላይ ነበሩ።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ኦስሞ ወጥ ቤቴ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። በጭስ ያደረቅሁትን ትንንሽ ዓሣ ከድንች ጋር አቀረብኩለት፤ ሁለት በላና ሹካውን አስቀመጠ።

«ኡርፖ ሰኞ ላሕቲ ከተማ ይሄዳል?»

«ይሄዳል። ምን ፈለግህ?»

«አብሬው ልሂድ። ፎቶ ቤት።»

«አንተና ፎቶ ቤት ምን አገናኛችሁ? መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው?»

አልሳቀም። ኮፍያውን አንዴ አዞረው። ከዚያ በሕይወቱ ሙሉ ያልተናገረውን ያህል ተናገረ።

«ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ነው የቀረው። ማታ ስተኛ አየዋለሁ። ሱቪ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው ኬርቱ። ዓሣውን አስታውሳለሁ፤ ጫማዋን አስታውሳለሁ፤ ፊቷ ላይ ስደርስ የለም። አይሊ እያለች እጠይቃት ነበር፣ አገጯ እንዴት ነበር እላታለሁ፣ ትነግረኝ ነበር። ፊልሙን አሳጥቤ ልሰቅል ነው። አይሊ በቀይ ቆርቆሮ…»

እዚህ ላይ ቆመ። ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ መደርደሪያው ላይ ነው። ዞር ማለት አላስፈለገኝም፤ ከምድጃው በላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

«ያ የአይሊ ነው» አለ።

ተነሣና አወረደው። ክዳኑን ከፈተ። ቁልፎች ናቸው፤ የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ አንድ ትልቅ ሰማያዊ። እነዚያን በደነዘዙ ጣቶቹ ገፋ ገፋ አድርጎ እታች ድረስ ፈለገ።

«ውስጡ የነበረውስ?»

ይህን የማያርፍ አፌን ያን ጊዜ ብታዩት። ሳህኑን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። «ሳጥንህ ውስጥ ከተትኩት» አልኩ። «ለሥራህ ያጠራቀመችው መስሎኝ።»

«መቼ?»

«በመጋቢት። ልብሷን ያነሣሁ ቀን።»

ሲያሰላ አየሁት። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። «ዳቦ ያመጣሽ ጊዜ ያጠብኩት ነው» አለ።

«ኦስሞ፣ አፈር ልብላ፣ አላወቅሁም።»

«አንቺ አላወቅሽም። እኔ ግን እጄ ውስጥ ነበረች» አለ። «አንዴ ቀና አድርጌ ባያት በቃ ነበር። አንዴ።» ክዳኑን ገጠመ፣ ቆርቆሮውን መልሶ እቦታው አስቀመጠ፤ ያወጣውን ዕቃ መመለስ ልማዱ ነው። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ደጁን እንኳን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢሰድበኝ፣ ሳህኑን ቢሰብርብኝ እንዴት በወደድኩ።

ቁጭ ብዬ ልቅሶው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ያ ጥጥ እንዳለ ነው። ድንቹን አነሣሁ፣ ዕቃ አጠብኩ።

ሰኞ ኡርፖ ለብቻው ላሕቲ ሄደ። እሱ እንደወጣ የዓሣ ማጥመጃ ሳጥኑን ከፍቼ በረበርኩ፤ የቀረችውን ዓሣ ፈለግኋት። አገኘኋት፤ ጎኗ ላይ የጥርስ ምልክት አለባት። በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ኦስሞ ሄድኩ። ሥራ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ዘጠኙ ከራሱ በላይ ተሰቅለው ያብረቀርቃሉ። መንገዱን ሁሉ የማስበውን ተናገርኩ።

«እነዚህን አትሽጣቸው። አሥሩም እዚህ ናቸው። ሱቪ እዚህ ውስጥ ናት ኦስሞ፤ ላያቸው ላይ ያለው እሷ ናት። ብታስበው እኮ ይሄ ከፎቶ አይተናነስም።»

ጥሩ ነገር ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። እሱ መሐረቡን ፈታ፣ ዓሣዋን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ የጥርሱን ምልክት በጥፍሩ ጫፍ መረመረ።

«ውሃ ገብቶባታል» አለ።

«ኦስሞ።»

«ሰማሁሽ።» ዓሣዋን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «እዚህ ላይ ያለው ላስቲኩ ነው ኬርቱ። ላስቲኩ ባዶ ነው፤ ምንም የለበትም፣ የማንም ነው። ምስሉ ያ ጥቁሩ ነው። እሱን አላቅቄዋለሁ። በውሃው ነው የሄደችው።»

«ውሃውንስ የት አደረግኸው?»

«ሁልጊዜ የምደፋበት። ከሳውናው ጀርባ፣ ሳማው ላይ።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ይህን ተረት ሱቅ ውስጥ ስንቱ ላይ ቀልጄበታለሁ። አሁን አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። ኦስሞ ብሩሽ አነሣ። የተነከሰውን ቦታ ፋቀው፣ አደረቀው፣ ከዚያው ቫርኒሽ ጠብታ አድርጎ ደፈነው። በሥራው አልተጣደፈም። ለስምንት ቀን ሰቅሏት በዘጠነኛው ቀን በከንፈሩ ነካት፣ ራሱ ቤቴ ድረስ ይዞ መጣ።

«ለኡርፖ ስጪው» አለኝ። «ያጥምድባት። ለዚያ ነው የተሠራችው።»

ዘጠኙንም በዚያው ሳምንት ለገዢ ሰጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስቀምጣቸው ነበር፤ እሱ ግን የሌለበትን ነገር አለበት ብሎ አይሸጥም፣ ለራሱም ቢሆን።

ሰኔ ገባ። በኛ ዘንድ በሰኔ ከሚከበረው የበጋ በዓል በፊት ግቢ የማያጭድ ሰው የለም፤ ነውር ነው። ኦስሞም አጨደ። መንገዱን አጨደ፣ የጀልባ ማሰሪያውን ዙሪያ አጨደ፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ የሳውናውን ፊት ለፊትና ሁለቱን ጎን አጨደ። ከጀርባው ያለው ሳማ ግን ቆሞ ቀረ። በሳምንቱ ወገብ ደረሰ፣ በሁለት ሳምንቱ ደረት።

«ኦስሞ ሰነፈ» አለኝ ኡርፖ። እሱ ምንም አያውቅም፤ አልነገርኩትም፣ በሕይወቴ ሳልነግረው የቀረሁት ይሄ ብቻ ነው። «ሳማው ሳውናውን ሊውጠው ምንም አልቀረው። ሄጄ ላጭድለት።»

«ማጭዱን ብታነሣ ከኔ ጋር ትጣላለህ።»

«ምን አድርጎሽ ነው?»

«ምንም አላደረገኝም። ተቀመጥ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኦስሞ ጀልባው ላይ ነው ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁና ከሳውናው ጀርባ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አልጠየቅሁም። ሳማው ለምለም ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ። እንደ እብድ ባዶ እጄን ሰድጄ አንዱን ግንድ ጨበጥኩ። ለቀቅ አላደረግሁም። መዳፌ በአንዴ ነደደ፣ እሳቱ ወደ ክንዴ ወጣ፣ ከጥር ጀምሮ ሰውነቴ ላይ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ለአይሊም፣ ለልጅቷም፣ ለዚያ የተረገመ ቆርቆሮም፣ አንድ ላይ።

ዞር ስል ኦስሞ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላውቅም። እጄን አየ።

«ያቃጥላል?»

«ያቃጥላል።»

እሱም እጁን ከቶ ጨበጠ። ጠበቀ። መዳፉን ገልብጦ አየው፣ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እኔን አያቃጥለኝም» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ጎንበስ አለ። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ራሱ ሳበና፣ እንደ እንጨት ዓሣዎቹ ሁሉ፣ ታችኛው ከንፈሩን አስነካው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እኔ ፊቴን አዙሬ ወደ ሐይቁ አየሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከንፈሩ እንዳበጠ ነበር። ኡርፖ አይቶት «ምነው፣ ንብ ሳመህ?» አለው።

«አይደለም» አለ ኦስሞ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም።